ለአሮጌ ፔጆ የአየር ማቀዝቀዣ ይገባዋልን?

በዚህ መጽሔት ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ ጊዜ አጠቃቀም የሚጽፉ ጓደኞቼ ብዙዎች ስለ ሆኑ፥ እኔ ስለ አንድ ካርቶን ብጽፍ እንደማትቀየሙኝ ተስፋ አለኝ። ካርቶኑ ባለፈው ዓመት የፋሲካ ሰሞን ዱባይ በሥራ ላይ ካለው አጎቴ የተላከ ሲሆን፥ በውስጡ ለአያቴ አሮጌ ፔጆ 404 የሚገጠም የአየር ማቀዝቀዣ መሣሪያ፥ ማለት ሁላችንም በአጭሩ «ኤሲ» የምንለው ነበረበት። አያቴ (እኛ ልጆች አባባ የምንላቸው) ካርቶኑን ከፍተው ዕቃውን አንድ በአንድ አገላብጠው አዩና መልሰው ዘጉት። «አቦ ተዉኝ! ይህ መኪና ከሃምሳ ዓመት በላይ ያለ ፍሪጅ ኖሯል» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካርቶኑ በሳሎናችን ጥግ ተቀምጦ፥ እናቴም ዳንቴል አልብሳው የአበባ ማስቀመጫ ሆነ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ የሚጻፍ አልነበረም። ነገር ግን በቤታችን ክርክር ተነሣ፤ ክርክሩም ከቤታችን ወጥቶ ከክፍል ጓደኞቼ ዘንድ ደረሰ። ግማሹ «አሮጌ መኪና ቅርስ ነው፤ አንዲት ብሎን እንኳ ልትጨመርበት አይገባም» ሲል፥ ግማሹ ደግሞ «ቅርስ ከሆነ ሙዚየም ይግባ፤ በመንገድ የሚሄድ ከሆነ ግን እንደ ዘመኑ ይሁን» ይላል። እኔ መጀመሪያ ከፊተኞቹ ወገን ነበርሁ፤ እንዲያውም ከሁሉ ይልቅ የምጮኸው እኔ ነበርሁ። አሁን ግን ሐሳቤን ስለ ለወጥሁ፥ የለወጥሁበትን ምክንያት መናገር ይገባኛል።

በመጀመሪያ ስለ መኪናው ጥቂት ልበል። ፔጆ 404 በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበ፥ መልኩን የኢጣልያው የፒኒንፋሪና ቤት የነደፈው፥ በፈረንሳይ አገር እስከ 1975 ዓ.ም. ሲሠራ የኖረ አውቶሞቢል ነው። ሞተሩ 1,618 ሲሲ ሲሆን ጉልበቱም ወደ 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የሳፋሪ ውድድር በ1963፥ በ1966፥ በ1967 እና በ1968 ዓ.ም. አሸናፊ ሆኗል። ይህን የምጽፈው ለጉራ አይደለም (ጥቂት ለጉራም ነው)፤ ይኸው መኪና በድሬዳዋና በሐረር መንገዶች ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ታክሲ ሆኖ የቻለበትን ምክንያት ስለሚያስረዳ ነው እንጂ። አባባም ልጆቻቸውን ያስተማሩት በእርሱ ነው። ባጃጅ መንገዱን ከያዘ ወዲህ የታክሲውን ሥራ ትተዋል፤ መኪናው ግን የቤታችን መኪና ሆኖ ቀርቷል። «ይህን ሽጠን ሌላ እንግዛ» የሚለው ንግግር ደግሞ፥ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፥ በቤታችን ፈጽሞ አልተሰማም። በኤሌክትሪክ የሚሄደው እንደ ሆነ ዋጋው ከዐቅማችን በላይ ነው። እንግዲህ ያለን ይኸው ፔጆ ነው።

የድሬዳዋን ሙቀት ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት ለግመል ስለ በረሓ መንገር ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስትሆን፥ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። በፀሓይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ከዚያ በብዙ ይበልጣል፤ ከቀፊራ ገበያ ወጥቶ በር የከፈተ ሁሉ ያውቀዋል።

ካርቶኑ በመጣ በወሩ፥ በግንቦት ማለት ነው፥ ሴት አያታችንን ወደ ሐረር ለማድረስ ተነሣን። እማማ የደም ግፊት ሕመም አለባቸው፤ ለብዙ ጊዜ የሚከታተላቸው ሐኪም ሐረር ስለ ሆነ በየጊዜው ይሄዳሉ። መንገዱ ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ነገር ግን በመካከሉ ደንገጎ አለ። ዳገቱን ስንጀምር ከፊታችን ሁለት የጫኑ ከባድ መኪናዎች ነበሩ፤ ጠመዝማዛው መንገድም ለመቅደም አያመችም። መስኮት ብንከፍት የናፍጣው ጢስ ይገባል፤ ብንዘጋ እንጋገራለን። እንዲህ ስንል የሞተሩ የሙቀት መለኪያ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ይህን ጊዜ አባባ ማንኛውም አሮጌ ሾፌር የሚያውቀውን ዘዴ አደረጉ፤ የመኪናውን ማሞቂያ ከፈቱት። ነገሩ ለማያውቅ እብደት ይመስላል እንጂ ትክክል ነው። የማሞቂያው ቧንቧ የሞተሩን የፈላ ውሃ ተቀብሎ ሙቀቱን ወደ ሰዎቹ ስለሚነፋ፥ እንደ ትንሽ ሁለተኛ ራዲያተር ያገለግላል። ሞተሩም እውነትም ቀለል አለው። እኛ ግን ከእግራችን ሥር እሳት ተነፋብን። እኔ የሒሳብ ደብተሬን አውጥቼ እማማን ሳራግብ፥ ራሳቸው ወደ ትከሻዬ ዘመም አለና ስጠራቸው አልመለሱልኝም።

አባባ መኪናውን ዳር አስይዘው አቆሙ። ውሃ አፈሰስንባቸው፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዓይናቸውን ገለጡና «ደረስን?» አሉ። ከደንገጎ ጫፍ ያለው ነፋስ ሲነካቸው ፈጽመው ተመለሱ፤ ሐኪሙም ከተቆጣ በኋላ መድኃኒቱን ጨምሮ ሰደደን። በዚያ ቀን ግን እኔ አንድ ነገር አየሁ። የመኪናውን ጤና ለመጠበቅ ሙቀቱን በአሮጊት ሴት ላይ አራገፍነው። «አንዲት ብሎን አትጨመርበት» እያልሁ ስጮኽ የነበርሁት እኔም ከኋላ መቀመጫ ላይ ሆኜ ማራገብ ብቻ ነበር የተረፈኝ።

አሁን ወደ ክርክሩ ልመለስ። ወዳጆቼ «ኤሲ ለአሮጌ መኪና ባዕድ ነው፤ የዘመኑን መልክ ያበላሻል» ይላሉ። ይህ ታሪክን ካለማወቅ የመጣ ይመስለኛል። የአሜሪካው ፓካርድ ፋብሪካ የአየር ማቀዝቀዣ ያለው አውቶሞቢል ያቀረበው በአውሮፓ አቆጣጠር ለ1940 ዓ.ም. ሞዴሉ ነበር፤ ፔጆ 404 ከመወለዱ 20 ዓመት በፊት ማለት ነው። እርግጥ ነው መሣሪያው እጅግ ግዙፍ ስለ ነበረ ከኋላ የዕቃ መጫኛውን ቦታ ይሻማ ነበር፤ ማጥፊያም ስላልነበረው ብርድ የበዛበት ሰው ወርዶ ሞተሩን አጥፍቶ ቺንጋውን መፍታት ነበረበት። (ይህን ለአባባ ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ጉዳይ ሳቁ።) በ1950ዎቹ ዓመታት ደግሞ በቴክሳስና በሌሎቹ የአሜሪካ ሞቃት አገሮች፥ ኤሲ ሳይኖረው በተገዛ መኪና ላይ ከዳሽቦርዱ ሥር የምትንጠለጠል ሣጥን መግጠም የተለመደ ሥራ ነበር። ስለዚህ አጎቴ የላካት ዓይነት ሣጥን የትናንት ፈጠራ አይደለችም፤ ለፔጆው ታላቅ እኅቱ ናት።

ደግሞስ የአባባ መኪና ከፋብሪካ እንደ ወጣ ነው የሚለው ማን ነው? ሞተሩ ተፈትቶ የታደሰበትን ጊዜ እርሳቸውም ረስተውታል። መቀመጫው በመጋላ ሰፊዎች እጅ ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል። ጥሩምባው የአይሱዙ ነው። ይህን ሁሉ ያልተቃወመ ሰው፥ ለእማማ ቀዝቃዛ አየር ሲሆን ስለ ቅርስ ቢናገር አልሰማውም።

ነገር ግን ሌላ ተቃውሞ አለ፤ ይህኛው ግን እውነተኛ ነው። አባባም የሚያነሡት ይህንኑ ነው፤ «ሞተሩ አይችለውም» ይላሉ። እኔ መልሱን ስላላወቅሁ ክረምቱን ከአንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ እየሄድሁ ስጠይቅ ከረምሁ፤ የፊዚክስ መምህራችንም ረድተውኛል።

የአየር ማቀዝቀዣ ብርድን የሚፈጥር አይደለም፤ ሙቀትን ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ ስፍራ የሚያመላልስ ነው። ኮምፕረሰር የሚባለው ክፍል በሞተሩ ቺንጋ እየዞረ ጋዙን ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀው ጋዝም ይሞቃል። ይህ ትኩስ ጋዝ ከራዲያተሩ ፊት በሚገጠመው ኮንደንሰር ውስጥ ሲያልፍ ሙቀቱን ለነፋስ ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ከዳሽቦርዱ ሥር ወዳለችው ሣጥን ሲገባ ግፊቱ ስለሚላላ እንደ ገና ወደ ጋዝነት ይለወጣል፤ ሲለወጥም ሙቀትን በዙሪያው ካለው አየር ይስባል። መርፌ ከመወጋታችን በፊት ክንዳችን በአልኮል ሲጠረግ የሚሰማን ቅዝቃዜ ከዚሁ ዓይነት ነው።

እንግዲህ የአባባ ፍርሃት ከየት እንደ መጣ ይታያል። ኮምፕረሰሩ ለመዞር ከሦስት እስከ አምስት የፈረስ ጉልበት፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ለ200 ፈረስ ሞተር ይህ ምንም አይደለም፤ ከ70 ላይ ሲቀነስ ግን ደንገጎ ላይ ይታወቃል። ይህም ብቻ አይደለም፤ ከሰዎቹ የተወሰደው ሙቀት የሚራገፈው በራዲያተሩ አፍንጫ ላይ ነው። ኮንደንሰሩ ያሞቀው አየር ነው ወደ ራዲያተሩ የሚገባው። ራዲያተሩ በዝገትና በደለል ግማሽ የተደፈነ መኪና ኤሲ ሲገጠምለት ቢፈላ ታዲያ ምን ይደንቃል? በተጨማሪም የኤሌክትሪክ ነገር አለ። የዚያ ዘመን ዲናሞ የሚያመነጨው ወደ 25 አምፔር ያህል ነው። የኤሲው ነፋስ ማራገቢያ፥ የኮምፕረሰሩ ማግኔትና ከኮንደንሰሩ ፊት የሚጨመረው ቬንቲላተር በአንድነት ከ20 እስከ 30 አምፔር ሊፈልጉ ይችላሉ። ማታ መብራት ሲበራ ባትሪው ባዶ ይቀራል ማለት ነው።

ስለዚህ አባባ ተሳስተዋል አልልም። የሚሳሳቱት «አይችልም» ብለው ሲያቆሙ ነው። እንደ መካኒኩ አነጋገር መኪናው አሁን ባለበት ሁኔታ አይችልም፤ ቢታከም ግን ይችላል። ራዲያተሩ ተፈትቶ ቱቦዎቹ ይጠረጋሉ፤ ከተቻለም በወፍራሙ ይለወጣል። በዲናሞው ምትክ 60 አምፔር ወይም ከዚያ በላይ የሚሰጥ ኦልተርኔተር ይገባል። የፔጆው የራሱ ቬንቲላተር ውሃው ሲሞቅ ብቻ በማግኔት የሚያያዝ ስለ ሆነ፥ ያ ማግኔት መሥራቱ መታየት አለበት። (የእኛው ለስንት ዓመት እንደ ማይሠራ እግዚአብሔር ይወቅ። ያን ቀን ደንገጎ ላይ ያንገበገበን ምናልባት ይኸው ሳይሆን አይቀርም።) ይህ ሁሉ ኤሲ ባይኖርም ለመኪናው የሚገባ ሕክምና ነበር፤ ካርቶኑ ባይመጣ ግን ማንም አያስበውም።

በዳገቱስ? ኮምፕረሰሩ በማግኔት የሚያያዝና የሚለቀቅ ስለ ሆነ፥ ሾፌሩ ከባዱን ዳገት ሲጀምር በአንዲት ማብሪያ ሊያጠፋው ይችላል። «ታዲያ ሙቀቱ እዚያው አይደለምን?» ብሎ የሚጠይቀኝ ትክክለኛ ሰው ነው። ነገር ግን በሜዳው ላይ የቀዘቀዘ መኪና መስኮቱ ተዘግቶ ጥቂት ጊዜ ይቆያል፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥርም የደንገጎ አየር ራሱ ይረዳናል። ሐኪም ቤት ለምትሄድ አሮጊት ያቺ ጥቂት ጊዜ ትልቅ ነገር ናት።

እዚህ ላይ የጎረቤታችንን ታሪክ ካልተናገርሁ ክርክሬ ሐቀኛ አይሆንም፤ የአባባን ልብ ያደነደነው እርሱ ነውና። የእርሱም መኪና 404 ነው። ወደ አንድ ጋራዥ ወስዶ (ስሙን መጥራት አያስፈልግም) «በሦስት ቀን ኤሲ አስገቡልኝ» አለ። በሦስት ቀንም አስገቡለት። ሣጥኗ አልገባ ስትል ዳሽቦርዱን በመጋዝ ቆረጡት። ቱቦውን ለማሳለፍ ሞተሩንና የሰውን መቀመጫ የሚለየውን ላሜራ እጅ በሚያስገባ ስፋት በሱት። የፔጆ 404 ሞተር 45 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን ጋደል ብሎ የተቀመጠ ስለ ሆነ፥ የሌላ መኪና ኮምፕረሰር መያዣ ብረት ልኩ አይሆንም፤ እነርሱ ግን ከወዳደቀ መኪና ያገኙትን በብየዳ አጣበቁት። ቺንጋው ከፑሊዎቹ ጋር በአንድ መሥመር ስላልሄደ በየወሩ ይበላ ጀመር። ጋዙ ሁለት ወር ሳይሞላ ተኖ አለቀ። በመጨረሻ ሁሉን አስወልቆ ጣለው፤ ነገር ግን የተቆረጠው ዳሽቦርድ ተመልሶ አይበቅልም። ዛሬ በዚያ መኪና ከፊት የተቀመጠ ሰው ከሞተሩ የሚመጣውን ሙቀት በዚያው ቀዳዳ በኩል ይቀበላል። ቀድሞ ከነበረበት የባሰ ማለት ነው።

የቅርስ ጠባቂ ወዳጆቼ ይህን እየጠቀሱ ያሸነፉ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ከዚህ የማገኘው ትምህርት ሌላ ነው። በዚያ መኪና ላይ የተበላሸው ተጨምሮበት ሳይሆን ተቆርጦበት ነው። በመጨመርና በመቁረጥ መካከል ያለው ልዩነት ሁሉን ይወስነዋል። በነበረው ቀዳዳ የታሰረ ብሎን ይፈታል፤ ከዳሽቦርዱ ሥር የተንጠለጠለች ሣጥን ትወርዳለች፤ የወለቀው ዲናሞ በጨርቅ ተጠቅልሎ በቁም ሣጥን ይቀመጣል፤ የልጅ ልጅ ቢፈልግ መልሶ ያስገባዋል። መያዣውን ብረት ቶርኖ ቤት ወስዶ ለዚህ ሞተር በልኩ ማሠራት ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል። ሦስት ቀን ሳይሆን ሦስት ሳምንት ቢወስድ ይውሰድ።

ስለ ጋዙ አንዲት ቃል። ቀድሞ በመኪና ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚገባው አር-12 የተባለው ጋዝ፥ ምድራችንን ከፀሓይ ጎጂ ጨረር የሚጋርደውን የኦዞን ሽፋን የሚያሳሳ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. በሞንትሪያል በተደረገው ስምምነት መሠረት እንዲቀር ተደርጓል። በእርሱ ምትክ የገባው አር-134ኤ ኦዞንን አይጎዳም፤ ሆኖም ወደ አየር ቢለቀቅ ሙቀትን በመያዝ ረገድ በክብደት ልክ ከካርቦን ዳዮክሳይድ ከ1,300 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ለእማማ ቅዝቃዜ ስንል ድሬዳዋን ማሞቅ አይገባንም። ስለዚህ ቱቦዎቹ አዲስ ይሁኑ፤ መጋጠሚያው ሁሉ ጋዙ ከመሞላቱ በፊት ይፈተሽ፤ ሲወልቅም ጋዙ በመሣሪያ ይሰብሰብ እንጂ በአየር አይለቀቅ። የጎረቤታችን ጋራዥ ይህን ሁሉ እንዳላደረገ አያጠራጥርም።

የቤንዚኑን ወጪ በተመለከተ አባባ ያሉት ሁሉ እውነት ስለ ሆነ አልከራከርም። ሳንቲም ለመቆጠብ ሲሆን እኔና ወንድሞቼ ስንሄድ ይጥፋ፤ እኛ ወጣቶች ነን፤ መስኮት እንከፍታለን።

ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፌ አንድ እሑድ ከቡና በኋላ ለአባባ አነበብሁላቸው። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ይህ መካኒክህ መጋዝ አለው?» ብለው ጠየቁኝ። «አለው፤ ነገር ግን ካንተ ፈቃድ ውጭ አያነሣውም» አልኋቸው። (በድሬዳዋ አያትን አንተ ማለት ነውር እንዳልሆነ ለሌላ አገር አንባቢ አሳስባለሁ።) በሳምንቱ የዳንቴሉን ጨርቅ ራሳቸው ገልጠው ካርቶኑን ከፈቱ። ያስያዙት ግዴታ ሁለት ነው፤ አንደኛ፥ ሥራው ሁሉ እርሳቸው አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እያዩ እንዲሠራ፤ ሁለተኛ፥ ከዚራ ከጓደኞቻቸው ጋር ሲቆሙ ሣጥኗ በመስኮት እንዳትታይ። ሁለተኛው ግዴታ መካኒኩን እጅግ አስቸግሮታል። በመጨረሻ ግን ሣጥኗን አራት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገፋ ለማድረግ ተስማሙ።

ይህን ጽሑፍ ለመጽሔቱ ስሰጥ ፔጆው በግቢያችን ኮፈኑ ተከፍቶ፥ ራዲያተሩ ወልቆ ቆሟል። ዲናሞው በእማማ አሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ገብቷል። የራዲያተሩ ሠራተኛ ለቅዳሜ ቀጥሮናል፤ እማማም የግንቦቱን ቀጠሮ ሳያደርስ እንዳይቀር በየቀኑ ይጠይቁኛል።